የሀብት ሽሚያ በዝርያዎች መካከል፦ ሥነ ምህዳርን እንዴት እንደሚቀርጽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት ዝርያዎች አንድ ቦታ እየኖሩ አንድ ዓይነት ምግብ ከበሉ ይሻማሉ ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ሽሚያ አለ ለማለት ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። ሀብቱ የጋራ መሆን አለበት፤ ከሁለቱ ፍላጎት ያነሰ መሆን አለበት፤ የአንዱ መኖርም የሌላውን እድገት፣ መራባት ወይም በሕይወት መቆየት መጉዳት አለበት። ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛውን ነው። የየብስ እንስሳት ሁሉ አንድ አየር ይተነፍሳሉ፤ ኦክስጅን ስለማያጥራቸው ግን አይሻሙበትም። በኩሬ ግርጌ ባለው ጭቃ ውስጥ ግን ኦክስጅን ቶሎ ስለሚያልቅ በነዋሪዎቹ መካከል ዋናው የሽሚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የምግባቸውን መመሳሰል ብቻ አይቶ መፍረድ ከዚህም በላይ ያሳስታል። ምግብ በተትረፈረፈበት ወቅት ብዙ እንስሳት ያንኑ ቀላልና ምርጥ ምግብ ስለሚበሉ መመሳሰሉ ይጨምራል። ችግር ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ወደሚችለው ነገር ስለሚያዘነብል መመሳሰሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍተኛ መመሳሰል አንዳንዴ የሚያሳየው ሽሚያ አለመኖሩን ነው።

የሚሻሙት በምን በምን ላይ ነው?

ዕፅዋት በብርሃን፣ በውሃ፣ እንደ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ባሉ ንጥረ ነገሮች፣ አንዳንዴም አበባ በሚያዳቅሉ ነፍሳት ላይ ይሻማሉ። እንስሳት በምግብ፣ በውሃ፣ በመጠለያና በጎጆ ቦታ ይሻማሉ። ከባሕር ዳር አለት ጋር ተጣብቀው ለሚኖሩ ፍጥረታት ደግሞ ባዶ ቦታ ራሱ ሀብት ነው።

በብርሃንና በአፈር ንጥረ ነገር መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ጠቃሚ ነው። ብርሃን ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የበለጠው ተክል ቀድሞ ይወስደዋል፤ አጭሩ በአንጻሩ ረጅሙን ሊያጠላበት አይችልም። የብርሃን ሽሚያ እንግዲህ አንድ ወገን ብቻ የሚጎዳበት ነው፤ ትንሽ የነበረ ልዩነትም በፍጥነት ይሰፋል። በሥር በኩል ያለው ሽሚያ ለዘብ ይላል፤ እያንዳንዱ ተክል በአብዛኛው በሥሩ መጠን ልክ ይወስዳል።

ሳይነካኩ፣ ሳይጣሉ መሻማት ይቻላል?

አዎ፤ እንዲያውም በተፈጥሮ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው። ሌሊት የሚመገብ አይጥና ቀን የሚመገብ ጉንዳን ሳይተያዩ አንዱ ለሌላው የሚተርፈውን ዘር ሊጨርስ ይችላል። ይህ በመጠቀም ብቻ የሚደረግ ሽሚያ ነው። ሌላው ዓይነት ፊት ለፊት የሚከለክል ነው፦ ጅቦች አንበሳ የገደለውን ሲነጥቁ፣ አንበሶችም የጅቦቹን ሲቀሙ፤ ወይም ጥቁር ዋልነት የሚባለው ዛፍ ጁግሎን የተባለ ኬሚካል ለቆ በዙሪያው ያሉ አንዳንድ ተክሎችን ሲያቀጭጭ። ጥበቃ የሚሠሩ ሰዎች የሚታየውን ጠብ ይመዘግባሉ፤ ጸጥ ያለው ሽሚያ ግን ቁጥር ካልተለካ አይታይም።

ጠንካራው ሁልጊዜ ደካማውን ያጠፋል?

በጣም የተለመደው የተሳሳተ ግንዛቤ ይህ ነው። መነሻውም እውነተኛ ሙከራ ነው። ሩሲያዊው ተመራማሪ ጋውዘ በ1934 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራ ፓራሚሲየም ከሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ የውሃ ፍጥረታት ሁለት ዝርያዎችን፣ አውሬሊያንና ካውዳተምን፣ ለየብቻ ሲያሳድጋቸው ሁለቱም ደህና በዙ። በአንድ ዕቃ ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ እየመገበ ሲያኖራቸው ግን ካውዳተም በሳምንታት ውስጥ ተመናምኖ ጠፋ። ከዚህ የተወሰደው መርሕ፣ ሁለት ዝርያዎች በአንድ የተወሰነ ሀብት ላይ ፍጹም በተመሳሳይ መንገድ ጥገኛ ከሆኑ ለዘለቄታው አብረው አይኖሩም የሚል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዚያው ሙከራ ሌላ ክፍል ነው። ተሸናፊው ካውዳተም ቡርሳሪያ ከሚባል ሦስተኛ ዝርያ ጋር ሲቀመጥ ሁለቱም ቆዩ። ካውዳተም በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ባክቴሪያ ሲበላ ቡርሳሪያ ከዕቃው ግርጌ የሰፈረውን እርሾ ይበላ ነበር። በቡርሳሪያ ሰውነት ውስጥ የሚኖሩ አረንጓዴ አልጌዎች ኦክስጅን ስለሚያመነጩ ሌላው በማይችለው ግርጌ መቆየት ችሏል።

«ጠንካራ» ማለት ራሱ እንደየሁኔታው የሚለዋወጥ ነው። ቶማስ ፓርክ በ1954 ባወጣው ሥራ ሁለት የዱቄት ነቀዝ ዝርያዎችን በተለያየ ሙቀትና እርጥበት አወዳደረ። በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ70 በመቶ እርጥበት ካስታኒየም የሚባለው በሁሉም ዕቃዎች አሸነፈ። በ24 ዲግሪና በ30 በመቶ እርጥበት ደግሞ ኮንፉሰም በሁሉም አሸነፈ። በመካከል ባሉት ሁኔታዎች አሸናፊው አንዴ ይኼ አንዴ ያ ሆነ፤ መተንበይ የተቻለው ዕድሉን ብቻ ነበር። «ይህ ዝርያ ከዚያ ይበረታል» የሚል ዓረፍተ ነገር «በምን ሁኔታ?» ካልተባለበት ትርጉም የለውም።

ታዲያ ብዙ ዝርያዎች አብረው የሚኖሩት በምን ምክንያት ነው?

መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ እያንዳንዱ ዝርያ ሌላውን ከሚጎዳው ይልቅ ራሱን የበለጠ የሚገታ ከሆነ አብረው ይኖራሉ። በዚህ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ካለ ይህ ይያዝ።

ቁጥር ያቀለዋል። ዝርያ ሀ ለብቻው ቢሆን ቦታው 100 ግለሰቦችን ይችላል፤ ዝርያ «ለ»ም እንዲሁ 100። አንድ የ«ለ» ግለሰብ «ሀ»ን የሚጎዳው አንድ የ«ሀ» ግለሰብ ከሚጎዳው ግማሽ ያህል ቢሆን፣ በተቃራኒውም እንዲሁ ቢሆን፣ ሁለቱም 67 ገደማ ላይ ይረጋሉ። ጠቅላላው 133 ይሆናል፤ ሁለቱ ተደምረው አንዱ ለብቻው ከሚጠቀመው በላይ ሀብት ይጠቀማሉ ማለት ነው። አንዱ ቢመናመን እርስ በርሱ መገፋፋቱ ስለሚቀንስ እንደገና ያንሰራራል። አሁን ጉዳቱን ከግማሽ ወደ አንድ ተኩል እናሳድገው። ሁለቱም ከራሳቸው ይልቅ ሌላውን ይጎዳሉ፤ መጀመሪያ በቁጥር የበለጠው ቦታውን ይይዛል፤ ሌላው ይጠፋል። እዚህ ላይ አሸናፊውን የሚወስነው ቀድሞ መድረስ ነው። ይህ ስሌት ሎትካና ቮልቴራ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቀመሩት እኩልታ የመጣ ነው።

ራስን መግታት በተግባር የሚመጣው ከልዩ ልዩ መንገድ ነው። አንዱ ሥሩን ወደ ጥልቀት ሲልክ ሌላው ላይኛውን አፈር ይይዛል። ሮበርት ማካርተር በ1958 እንዳሳየው አምስት የዋርብለር ወፎች በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ነፍሳትን ሲያድኑ አንዱ ጫፉን፣ ሌላው መካከሉን፣ ሌላው የታችኛውን ቅርንጫፍ ያዘወትራል። አንዳንዱ በዝናባማ ዓመት፣ ሌላው በደረቅ ዓመት ይበረታል። አንድን ዝርያ ለይተው የሚያጠቁ ነፍሳትና በሽታዎችም አሉ፤ ያ ዝርያ በበዛበት ቦታ እነሱም ስለሚበዙ ችግኙ ከእናት ዛፉ ሥር አይጸድቅም፤ ለሌሎች ቦታ ይተርፋል። በሞቃታማ ደኖች ውስጥ ለዛፍ ዓይነት መብዛት ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

አሸናፊውን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ሽሚያው በአንድ ሀብት ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ መለኪያው ግን የእድገት ፍጥነት አይደለም። እያንዳንዱን ዝርያ ለብቻው አሳድጎ፣ ቁጥሩ ሲረጋ በአካባቢው ምን ያህል ሀብት እንደቀረ መለካት ነው። ዝርያ ሀ ሀብቱን እስከ 2 አሃድ አውርዶ መኖር ከቻለ፣ ለ ደግሞ ቢያንስ 5 አሃድ ካስፈለገው፣ ሲቀላቀሉ ሀ ሀብቱን ወደ 2 ያወርደዋል፤ ለ በረሃብ ይጠፋል። ባዶ ማሳ ላይ መጀመሪያ የሚፈነዳው ፈጣኑ ለ ሊሆን ይችላል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታየው አሸናፊ የመጨረሻው አሸናፊ ላይሆን ይችላል።

ሀብቱ ሁለት ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ዴቪድ ቲልማን በ1977 ዳያተም ከሚባሉት ጥቃቅን አልጌዎች ሁለት ዓይነቶችን አነጻጸረ። አስቴሪዮኔላ በትንሽ ፎስፌት፣ ሳይክሎቴላ በትንሽ ሲሊኬት መኖር ይችላሉ። ፎስፌት ሲያንስ አስቴሪዮኔላ አሸነፈ፤ ሲሊኬት ሲያንስ ሳይክሎቴላ አሸነፈ። የሁለቱ ንጥረ ነገሮች ምጣኔ መካከለኛ ሲሆን፣ እያንዳንዱን የሚገታው የተለያየ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ አብረው ኖሩ። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ለሐይቅ ጥበቃ ከባድ ክብደት አለው፦ ወደ ውሃው የሚገባው ንጥረ ነገር መጠን ባይጨምር እንኳ ምጣኔው ከተዛባ የአልጌው ዓይነት ይቀየራል፤ ከአልጌው ጋር የሚበሉት ጥቃቅን እንስሳትና ዓሦችም ይቀየራሉ።

ሽሚያ አንድ ዝርያ የሚኖርበትን ወሰን ይወስናል?

በጣም። ጆሴፍ ኮኔል በ1961 ያሳተመው የስኮትላንድ የባሕር ዳር ጥናት እስካሁን ከሁሉም ግልጹ ማስረጃ ነው። ከአለት ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ባርናክል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ባለ ሽፋን እንስሳት አሉ። ክታማለስ በላይኛው፣ ባላነስ በታችኛው የአለቱ ክፍል ይገኛሉ። ኮኔል ከአንዳንድ የአለት ክፍሎች ባላነስን እየፈነቀለ ሲያነሳ ክታማለስ በታችኛውም ክፍል መኖር ቻለ። ሳያነሳ ሲተወው ባላነስ በፍጥነት እያደገ ከሥሩ እየገባ ፈነቀለው፣ ላዩ ላይ አደገበት፣ ከጎንም ጨፈለቀው። ወደ ላይኛው ክፍል ግን ባላነስ ራሱ አይደርስም፤ ማዕበሉ ሲሸሽ የሚመጣው ድርቀት ይገድለዋል።

በአለት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ልማድ ይህ ነው፦ የዝርያው የላይኛው ወሰን በሙቀትና በድርቀት፣ የታችኛው ወሰን ደግሞ በሽሚያ ወይም በአዳኝ ይወሰናል። አንድ ዝርያ ተቀናቃኝ ባይኖር ሊኖርበት የሚችለውና አሁን በተግባር የሚኖርበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። የአየር ንብረት ሲለወጥ «ይህ ዝርያ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ካርታ የሚያወጡ ሰዎች አሁን ያለበትን ብቻ ከለኩ፣ ሽሚያ ያስቀመጠውን ድንበር የሙቀት ድንበር አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ።

አዳኝ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው?

ብዙ ጊዜ ዳኛ ነው። ሮበርት ፔይን ከ1963 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት የባሕር ዳርቻ ፒሳስተር የሚባለውን የባሕር ኮከብ ከአንድ የአለት ክፍል እያነሳ ጣለ። የባሕር ኮከቡ ሙስል የሚባለውን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል በብዛት ይበላ ነበር። እሱ ሲጠፋ ሙስል ቦታውን እየወረረ ሌሎችን አስለቀቀ፤ የነበሩት 15 ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። አዳኙ ይጠብቅ የነበረው በሽሚያ የሚሸነፉትን ነበር፤ የሚሠራውም አሸናፊውን ለይቶ ስለሚበላ ነው። ተሸናፊዎቹን የሚመርጥ አዳኝ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ተቃራኒ ይሆን ነበር።

አዳኝ ሽሚያ የሌለበትን ነገር ሽሚያ ሊያስመስልም ይችላል። በካናዳ ደኑ ሲቆረጥ የሚበቅለው ለምለም ቁጥቋጦ ሙስ የተባለውን ግዙፍ እንስሳና አጋዘንን ያበዛል፤ እነሱ ተኩላን ያበዛሉ፤ ተኩላው ካሪቡ የሚባለውን ሌላ የአጋዘን ዓይነት ይጨርሳል። የሙስ መብዛትና የካሪቡ ማነስ ሲነጻጸሩ በምግብ የተሻሙ ይመስላሉ፤ ሁለቱን ያገናኘው ግን የጋራ ጠላታቸው ነው። መፍትሔውም ይለያል፤ ለካሪቡ መኖ መጨመር አያድነውም።

ማዳበሪያ ሲጨመር የዕፅዋት ዓይነት የሚቀንሰው ለምንድን ነው? ሀብት ሲበዛ ሽሚያ መቀነስ አልነበረበትም?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ሽሚያው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም የሚል ነው። በእንግሊዝ ሮትሃምስተድ ከ1856 ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየ የሣር ማሳ ሙከራ አለ። ማዳበሪያ ያላገኙት ቦታዎች በደርዘኖች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን እንደያዙ ቀርተዋል፤ ናይትሮጅን በብዛት ያገኙትና አፈራቸው አሲዳማ የሆነው ጥቂት የሣር ዓይነቶች ብቻ ቀርተውባቸዋል። የአሲዱ ድርሻ ትልቅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ኖራ በተጨመረባቸው ቦታዎች ጉዳቱ ቀለል ያለ ነው።

ዋናው መንገድ ግን ብርሃን ነው። አፈሩ ድሃ ሲሆን ዕፅዋቱ የሚሻሙት ከመሬት በታች፣ በብዙ ንጥረ ነገሮች ላይ ነው፤ አንዱ በናይትሮጅን፣ ሌላው በፎስፈረስ፣ ሌላው በውሃ ይገታል። ማዳበሪያ ያን ሁሉ ሲያሟላ ሁሉም በአንድ ነገር ብቻ ይገታሉ፤ እሱም ብርሃን ነው። ረጃጅሞቹ ቀድመው ይወስዱታል። በ2009 የታተመ ሙከራ ይህን በቀጥታ አረጋገጠ፦ ማዳበሪያ በተጨመረበት ሣር ውስጥ ከታች መብራት ሲደረግ አጫጭሮቹ ዝርያዎች ሳይጠፉ ቀሩ። መብራት ማብራት በማይቻልበት ሜዳ ማጨድና በመጠኑ ማስጋጥ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ የታጨደው ሣር ግን ከቦታው መነሳት አለበት። እዚያው ከበሰበሰ ንጥረ ነገሩ ተመልሶ አፈር ይገባል።

ሽሚያ የአካል ቅርጽን ሊለውጥ ይችላል?

ይችላል፤ በሰው ዕድሜ ውስጥም ይታያል። በጋላፓጎስ ዳፍኔ ማዦር በምትባል ትንሽ ደሴት ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ፊንች ከሚባሉት ትናንሽ ወፎች አንዱን ዝርያ ለአሥርት ዓመታት ለክተዋል። በ1977 ድርቅ ሲመጣ ትናንሾቹ ዘሮች አለቁ፤ ትላልቅና ጠንካራ ዘር መስበር የሚችሉት ባለ ትልቅ መንቁር ፊንቾች ተረፉ፤ ቀጣዩ ትውልድ መንቁሩ ከፍ አለ። በ1982 በዚያች ደሴት ትልቁ ፊንች፣ ማግኒሮስትሪስ፣ መራባት ጀመረ። ከ2003 በኋላ እንደገና ድርቅ ሲመጣ ትላልቆቹን ዘሮች ይህ ባለጉልበት ጨረሳቸው፤ ከነባሮቹ የተረፉት ባለ ትንሽ መንቁሮቹ ሆኑ። ደሴቷ ያችው፣ ወፉ ያው፣ ችግሩም ድርቅ ነው፤ የለውጡ አቅጣጫ ግን ተገለበጠ። ልዩነቱን ያመጣው ተቀናቃኙ ነው።

በፍሎሪዳም በ1995 በትናንሽ ደሴቶች ላይ ቡናማ እንሽላሊት ሲለቀቅ አረንጓዴው ወደ ዛፉ ከፍታ ሸሸ፤ በ15 ዓመት ገደማ፣ በ20 ትውልድ ያህል፣ ለመውጣት የሚረዳው የእግር ጣቱ መዳፍ ሰፋ።

መጤ ዝርያ ነባሩን የሚያሸንፈው በሽሚያ ብቻ ነው?

ብቻውን ብዙም አይደለም፤ ምክንያቶቹ ተደራርበው ይመጣሉ። ወደ ብሪታንያ በ1876 የገባው የሰሜን አሜሪካ ግራጫ የዛፍ ሽኮኮ ነባሩን ቀይ ሽኮኮ በምግብ ይሻማዋል፤ ነገር ግን ራሱን ብዙም የማይጎዳ ለቀዩ ግን ገዳይ የሆነ የፈንጣጣ ቫይረስም ይዟል። በሽታው ባለበት ቦታ መተካቱ ይፈጥናል። ማርተን የሚባለው ሥጋ በል በተመለሰባቸው አካባቢዎች ግራጫው ሲቀንስ ቀዩ አገግሟል፤ ግራጫው ያንን አዳኝ ለመሸሽ የተዘጋጀ አይደለም።

እምቦጭ ሌላ መንገድ ያሳያል። መነሻው የአማዞን ተፋሰስ ነው። የሚንሳፈፍ ስለሆነ ከውሃው ወለል ላይ ብርሃኑን ቀድሞ ይወስዳል፤ ንጥረ ነገሩን በቀጥታ ከውሃው ይስባል፤ በተመቸው ቦታ በአንድና በሁለት ሳምንት በእጥፍ ይጨምራል። ከሥሩ ያሉ ዕፅዋትና አልጌዎች ብርሃን ያጣሉ፤ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ ወደ ውሃው የሚገባውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሳይቀንሱ ተክሉን ብቻ መንቀል ነው፤ ግርጌው ላይ ለዓመታት የሚቆይ ዘር ስላለና ሀብቱም ስላልተነካ ይመለሳል። ሁለተኛው የተለቀቀውን ሀብት ማን እንደሚወርሰው አለማሰብ ነው፤ እምቦጩ በተነሳበት ቦታ ሌላ ተንሳፋፊ አረም ወይም የአልጌ ወረራ ሊተካ ይችላል። ለዚህ ነው ሁለቱን ሥራዎች ነጣጥሎ መሥራት የማይመከረው።

በእርሻ ላይ ይህ እውቀት ምን ይጠቅማል?

አረም በየትኛውም ጊዜ እኩል አይጎዳም። ሰብሉ ገና ሲበቅል ሁሉም ትንሽ ስለሆነ ሀብት አይጎድልም፤ ከተንሰራፋ በኋላ የሚበቅል አረም ደግሞ በሰብሉ ጥላ ይዋጣል። አስጊው ጊዜ መካከሉ ነው፤ ለበቆሎ በብዙ ቦታ ከበቀለ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ውስጥ ይወድቃል። አቅም ውስን ከሆነ ጉልበት መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው።

አሰባጥሮ መዝራት ደግሞ የአብሮ መኖሩ ደንብ ቀጥተኛ ጥቅም ነው። የሚለካውም እንዲህ ነው፦ የእያንዳንዱን ሰብል የድብልቅ ምርት ለብቻው ሲዘራ ለሚሰጠው ምርት ማካፈልና ሁለቱን መደመር። ለምሳሌ በቆሎ ለብቻው በሄክታር 4 ቶን፣ በድብልቅ 3 ቶን ቢሰጥ 0.75 ይሆናል። ቦሎቄ ለብቻው 1.5፣ በድብልቅ 0.75 ቶን ቢሰጥ 0.5 ይሆናል። ድምሩ 1.25 ነው፤ በአንድ ሄክታር የተገኘውን ለየብቻ በመዝራት ለማግኘት 1.25 ሄክታር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ከ1 በታች ከወጣ ድብልቁ ኪሳራ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ማነጻጸሪያው ነው፤ ለብቻው የተዘራው ተገቢውን ርቀትና እንክብካቤ ካላገኘ ድብልቁ ያለ አግባብ የተሻለ ይመስላል።

ሽሚያን በራሴ እንዴት ልፈትን?

በማሰሮ የሚሠራ ቀላል ሙከራ ይበቃል። ስንዴና ሰናፍጭን እንውሰድ። ሰባት ዓይነት ማሰሮ ይዘጋጃል፦ 8 ስንዴ ብቻ፤ 6 ስንዴ ከ2 ሰናፍጭ፤ 4 ከ4፤ 2 ከ6፤ 8 ሰናፍጭ ብቻ፤ ከእነዚህ በተጨማሪ 4 ስንዴ ብቻና 4 ሰናፍጭ ብቻ። እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ቢደገም 35 ማሰሮ ይሆናል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ብዙዎች ይዘሏቸዋል፤ ያለ እነሱ ግን ዋናውን ጥያቄ መመለስ አይቻልም።

ማሰሮው ከ3 እስከ 5 ሊትር ይያዝ። አፈሩ ተነፍቶ በአንድ ክምር ይደባለቅ፣ ከዚያ በክብደት እኩል ይከፋፈል። የመዝሪያ ነጥቦቹ በእኩል ርቀት ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ዘር ተዘርቶ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አንዱ ይነቀል። ማሰሮዎቹ በዕጣ ይደርደሩ፤ በየሳምንቱም ቦታ ይለዋወጡ፣ ዳር ያለው ብርሃን ስለሚበዛለት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተክሉ ከአፈር ገጽ ላይ ይቆረጥ፣ ዝርያው ተለይቶ በ70 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ይድረቅና ይመዘን።

አሁን 4 ስንዴ ብቻ ካለበት ማሰሮ ተነሱ። 4 ተጨማሪ ስንዴ ሲጨመርበት የአንዱ ስንዴ ክብደት ምን ያህል ወረደ? 4 ሰናፍጭ ሲጨመርበትስ? ለሰናፍጩም በተመሳሳይ ይታይ። ሁለቱም የበለጠ የሚጎዳቸው የራሳቸው ዓይነት ከሆነ የአብሮ መኖር ሁኔታ ተሟልቷል። አንዱን ከራሱ ይልቅ ሌላው የሚጎዳው ከሆነ፣ በዚያ አፈርና በዚያ ውሃ ተገፍቶ የሚወጣው ያ ተጎጂው ነው። ከ4 ለ4 ማሰሮው ደግሞ የእያንዳንዱን ጠቅላላ ክብደት ለብቻው 8 ሆኖ ሲያድግ ለሚሰጠው ያካፍሉ። ስንዴው 0.7፣ ሰናፍጩ 0.3 ቢወጣ ድምሩ 1 ነው፤ አንዱ ያተረፈውን ያህል ሌላው አጥቷል፤ በአንድ ሀብት ላይ ነበሩ። 0.7 እና 0.6 ቢወጣ ድምሩ 1.3 ነው፤ በከፊል የተለያየ ሀብት ይጠቀማሉ።

ውጤቱን የሚያበላሸው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ትንሽ ማሰሮ። ሥሩ ግድግዳ ሲነካ በሜዳ ላይ በጥልቀት ተለያይተው የሚኖሩ ተክሎች በግድ አንድ ቦታ ይታጨቃሉ፤ የታየው ሽሚያ የዕቃው እንጂ የዝርያዎቹ አይደለም። ቀጥሎ ውሃ፤ ትላልቅ ተክሎች ያሉበት ማሰሮ ቶሎ ስለሚደርቅ ለሁሉም እኩል ማጠጣትና እርጥበቱን እኩል ማድረግ የተለያዩ ሙከራዎች ናቸው፤ የትኛው እንደተደረገ ከመጀመሪያው መወሰን አለበት።

ሜዳ ላይ ጎረቤት ተክልን እየነቀሉ የሚሠሩ ደግሞ ከመንቀል ይልቅ መቁረጥ ይሻላቸዋል፤ መንቀል የቀሪውን ሥር ይበጥሳል። መቁረጥም የራሱ ጣጣ አለው፦ የሞተው ሥር ሲበሰብስ ናይትሮጅን ስለሚለቅ ቀሪው ተክል የጠገበው ጎረቤቱ ስለጠፋ ብቻ ሊመስል ይችላል። የመጀመሪያውን ወቅት ውጤት በጥርጣሬ ማየትና ሁለተኛውን መጠበቅ ይህን ይቀንሳል። እንስሳ ለመከልከል አጥር ወይም የሽቦ ሳጥን የሚጠቀሙም ጎኑ የተከፈተ ተመሳሳይ አጥር ወይም ሳጥን በአቅራቢያው ማቆም አለባቸው፤ አጥሩ ራሱ ያጠላል፣ ነፋስም ይከላከላል።

የጊዜው ማጠር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስታል። በአሪዞና በረሃ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዘር በል አይጦች ከአንዳንድ ማሳዎች ሲከለከሉ መጀመሪያ ጉንዳኖቹ በዙ፤ የዘር ሽሚያ መኖሩ ታየ። ሙከራው በዚያ ቢቆም ኖሮ መልሱ ያ ብቻ ይሆን ነበር። ዓመታት ሲያልፉ አይጦቹ ይመርጧቸው የነበሩት ባለ ትልቅ ዘር ዕፅዋት ተስፋፉ፤ እነሱም ጉንዳን የሚበላቸውን ባለ ትንሽ ዘር ዕፅዋት ገፏቸው፤ ጉንዳኖቹም ቀነሱ። በጥቂት ወራት ተቀናቃኝ የነበረው አይጥ በረጅሙ ጊዜ የጉንዳኑን መኖ የሚጠብቅለት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አንድን ዝርያ ከአንድ ቦታ ለማስወገድ ዕቅድ ሲወጣ፣ ክትትሉ ቢያንስ ዕፅዋቱ ዘርተው፣ በቅለው፣ እንደገና እስኪዘሩ ጥቂት ዙር የሚሸፍን ይሁን፤ በጀቱም በዚያው ልክ ይያዝ።